የጌሻ ቡና በአዲስ አገር፦ ለአጥቢያዎቻችን የሚሰጠው ትምህርት

(ለሰበካ ጉባኤያትና ለአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎች በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





በዚህ ዓመት ወደ ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ይዘን ቀርበናል። የላከው በሰሜን ምዕራብ አገራችን በወይና ደጋ የሚገኝ አንድ ደብር ነው። ሰበካ ጉባኤው ለአብነት ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ መግዣ ከሙዳየ ምጽዋት በብዙ ድካም ያጠራቀመው ገንዘብ አለው። በዚህ መካከል አንድ የችግኝ ነጋዴ መጥቶ፣ «የጌሻ ቡና ችግኝ አለኝ። ጌሻ በዓለም ገበያ ከቡና ሁሉ በላይ በውድ የሚሸጥ ነው። በይዞታችሁ ላይ አንድ ሄክታር ብትተክሉ ከእንግዲህ ርዳታ መለመን አይኖርባችሁም» ይላቸዋል። የቆርቆሮው ገንዘብ ለችግኙ ይበቃል። ቦታውን ለማዘጋጀት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ካለው አፀድ ጥዱና ወይራው መቆረጥ ይኖርበታል። ጉባኤው በሁለት ሐሳብ ተከፍሎ፣ «እናንተ ምን ትመክሩናላችሁ?» ሲል ጠይቆናል።

ደብዳቤውን የጻፉት አባቶች ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁም ስለ ሆነ፣ በእነርሱ ፈቃድ መልሳችንን በጉባኤው ፊት ልንሰጥ ወደድን። ነጋዴው ስለ ዋጋው የተናገረው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያ ዋጋ በስንት ዘመንና በምን ዓይነት ሥራ እንደ ተገኘ አልነገራቸውም። እኛም ዛሬ የምናስረዳው ይህንኑ ነው።

ጌሻ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ጌሻ የሰው ስም ወይም የነጋዴ ምልክት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በካፋ ምድር የሚገኝ አገር ነው። በዚያ አካባቢ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ የሚገኝ የጫካ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዝ መንግሥት ሰዎች ከዚያ ጫካ ዘር ሰብስበው በምሥራቅ አፍሪካ ወደ ነበሯቸው ግዛቶች ላኩ። ዘሩ በታንጋኒካ፣ በዛሬይቱ ታንዛንያ፣ በሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ከዚያ ተወስዶ በማዕከላዊ አሜሪካ፣ በኮስታ ሪካ፣ ቱሪያልባ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ገባ። በዚያም «ቲ 2722» የሚል መለያ ቁጥር ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዘሩ ከኮስታ ሪካ ወደ ጎረቤቷ ፓናማ ተሻገረ። የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም። የቡና ቅጠል ዋግን ይቋቋማል ስለ ተባለ ነበር። የፓናማ ገበሬዎች ተክለው ካዩት በኋላ ግን ብዙም አልወደዱትም። ቅርንጫፉ በቀላሉ ይሰበራል፤ ምርቱም ከሌሎች ዝርያዎች ያነሰ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተተከለው ደግሞ በጣዕሙ የሚለይበት ነገር አልታየበትም። ስለዚህ አንዳንዱ ነቀለው፤ አንዳንዱ ከሌላው ቡና ጋር ቀላቅሎ እየለቀመ በአንድ ጆንያ ሸጠው። እንዲህ ሆኖ ዐርባ ዓመት ገደማ ማንም ሳያውቀው ኖረ።

ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንደኛው ነጥብ ይህ ነው። ዘሩ ያው ዘር ነበር። ዛሬ በውድ የሚሸጠው ቡና በእነዚያ ዓመታትም በማሳው ላይ ቆሞ ፍሬ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን በማይስማማው ቦታ ከተተከለ፣ ከሌላው ጋርም ከተቀላቀለ፣ ዝርያው ብቻውን ለባለቤቱ አንዳች የተለየ ጥቅም አላመጣም።

ዋጋውን የለወጠው ምንድን ነው?

በምዕራብ ፓናማ፣ ባሩ በተባለው ተራራ ሥር፣ ቦኬቴ የምትባል ደጋማ ወረዳ አለች። በዚያ ላ ኤስሜራልዳ የተባለ እርሻ ያላቸው የፒተርሰን ቤተሰብ፣ በማሳቸው ላይ የቅጠል በሽታ በገባ ጊዜ አንዳንድ የቡና ዛፎች ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ እንደ ቆሙ አስተዋሉ። እነዚያ ዛፎች ጌሻ ነበሩ። ስለዚህ ዘሩን ወስደው ከዚያ በፊት ካለበት ከፍ ባለ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ተከሉት።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ቤተሰቡ ቀድሞ ያልተደረገ ነገር አደረገ። የእርሻውን ቡና በአንድነት ከመቅመስ ይልቅ የእያንዳንዱን ማሳ ምርት ለየብቻ ለቅሞ፣ ለየብቻ አድርቆ፣ ለየብቻ ቀመሰ። ያን ጊዜ ከከፍታው ቦታ የመጣው ቡና እንደ አበባና እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሚሸት፣ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ያው ቡና በዚያው ዓመት በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ አንዱ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ 21 የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። በዚያን ጊዜ በጨረታ ለቀረበ ጥሬ ቡና እንዲህ ያለ ዋጋ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የላ ኤስሜራልዳ ጌሻ በፓውንድ 130 ዶላር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኤሊዳ ከተባለ ሌላ የቦኬቴ እርሻ የቀረበ ጌሻ በፓውንድ 1,029 ዶላር ተሸጠ።

ነጋዴው ለአባቶች የነገራቸው ዋጋ ከዚህ የመጣ ነው። እነዚህ ዋጋዎች ግን የተከፈሉት በጨረታ ለቀረቡ ጥቂት ጆንያዎች ነው። ከዚያ ማሳ የሚወጣው ቡና ሁሉ በዚህ ዋጋ ይሸጣል ማለት አይደለም። ገዢው የከፈለውም ለአራት ነገሮች በአንድነት ነው፦ ለዝርያው፣ ለቦታው ከፍታና ቅዝቃዜ፣ ቀይ ፍሬን ብቻ ለለቀመ እጅ፣ እንዲሁም የአንዱን ማሳ ከሌላው ሳይቀላቅል ለጠበቀ ሰው ታማኝነት። ከፍታ የሚጠቅምበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ፍሬው ቀስ እያለ ስለሚበስል ጣዕሙን የሚሰጡት ነገሮች በውስጡ ለመከማቸት ጊዜ ያገኛሉ። ከአራቱ አንዱን ብቻ ገዝቶ፣ ሦስቱን ትቶ፣ የአራቱን ዋጋ መጠበቅ አይቻልም።

የራሳችን ስሕተት

ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተምረን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን ለአንድ አጥቢያ የቡና ችግኝ አቅርበን ነበር። ዘሩ ከደቡብ ምዕራብ የመጣ የታወቀ ቡና ነው ተብሎ በቃል ተነገረን፤ እኛም አምነን ተቀበልን፤ ለአጥቢያውም በዚያው ስም አስረከብን። የእናት ዛፉ የት እንዳለ አልጠየቅንም። ቦታው ጥላ አልነበረውም። «ዛፉ ከቡናው ጋር አብሮ ያድጋል» ብለን በባዶ መሬት ላይ አስተከልን።

የደቡብ ምዕራብ ምድር የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ዝናብ ያገኛል። በሰሜን ምዕራብ ግን ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከኅዳር በኋላ ያለውን ረጅም በጋ ለጋው ችግኝ ያለ ጥላና ያለ ጉዝጓዝ ሊችለው አልቻለም። በሁለተኛው ዓመት ከግማሽ የማያንሰው ደርቆ ነበር። የደረቀውን ለመተካት ምእመናን በበጎ ፈቃድ ከየጓሯቸው ያገኙትን ችግኝ አምጥተው በየመካከሉ ተከሉ። በአራተኛው ዓመት ፍሬ ሲታይ የአጥቢያው ሒሳብ ሹም በማሳው መካከል ቆመው፣ «ለመሆኑ ጌሻ ያላችሁን የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ተለቀመ፤ መሬት ላይ ተሰጣ፤ በአካባቢው ገበያም እንደ ማንኛውም ቡና ተሸጠ። የገባው ገንዘብ የችግኙን ዋጋ እንኳ አልመለሰም።

አጥቢያው በእኛ አልተቀየመም። እኛ ግን ያን ጥያቄ አልረሳነውም። ዛሬ ለእናንተ የምንሰጠው ምክር በሙሉ ከእርሱ የተነሣ ነው።

በአገራችን ያለው ምስክር

ቡናን ወደ አዲስ አካባቢ ወስዶ ማልማት ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር የምትገኘው ዜጌ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቡና መገኛ ከሆነው የደቡብ ምዕራብ ጫካም እጅግ ትርቃለች። የዜጌ አባቶች እንደሚተርኩት፣ ቡናና ጌሾ ሎሚም በዚያ የተተከሉት ገዳሙን በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ነው። በዜጌ መሬት በበሬ አይታረስም፤ ይህም ከጥንት ጀምሮ የተጠበቀ ሥርዓት ነው። በዚህ ምክንያት ጫካው ቆመ፤ በጫካው ጥላ ሥር ቡናው ቆመ፤ በቡናው ደግሞ ገዳማቱና ሕዝቡ ኖሩ።

እንግዲህ ለሰሜን ምዕራብ አጥቢያዎች ከፓናማ በፊት መምህራቸው ዜጌ ናት። ረጅሙን በጋ ቡና እንዴት እንደሚያልፈው ያሳየችው እርስዋ ናትና። ያለፈችበትም ምክንያት ዛፉን ስላልቆረጠች ነው። ለቡና ሲባል አፀድን መመንጠር፣ ቡናውን ከነሕይወቱ ይጠብቀው የነበረውን ጥላ አስቀድሞ መግደል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምስክር ከምርምር ቤት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ በእሸቱ የሚያጠቁረውና የሚያደርቀው በሽታ በአገራችን ታየ። በጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከየጫካውና ከየገበሬው ማሳ በሽታውን የተቋቋሙ እናት ዛፎችን መርጠው፣ ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 በሚሉት ቁጥሮች የሚያውቃቸውን ዝርያዎች አወጡ። እነዚህ ዝርያዎች ብዙ ገበሬ አድነዋል። ይሁን እንጂ ምርምሩ በዚያ አላቆመም። የአንዱ አካባቢ ዝርያ በሌላው አካባቢ የአገሩን ጣዕም እንደማይሰጥ ስለ ታየ፣ ለሲዳማና ለይርጋ ጨፌ ከዚያው ከአካባቢው፣ ለወለጋም ከወለጋ፣ ለሐረርም ከሐረር ዝርያ መምረጥ ጀመሩ። በዘርፉ የተካኑት እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ እኛ በነጋዴ ቃል ብቻ አንድ ሄክታር መትከላችን ምን ይባላል?

ለአጥቢያዎች የምንመክረው

አንደኛ፣ የዘሩን ምንጭ በጽሑፍ ጠይቁ። እናት ዛፉ የት እንዳለ፣ ዘሩ መቼ እንደ ተለቀመ፣ ማን እንዳፈላው የማይናገር ሻጭ ስም ብቻ እየሸጠ ነው። የቡና ዘር ለብዙ ወራት ከተቀመጠ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ከታወቀ ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከሚያውቀው ችግኝ ጣቢያ ውሰዱ።

ሁለተኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። በሁለት ሜትር ርቀት ቢተከል አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይጠይቃል። በዚህ ፈንታ ሦስት ዝርያዎችን ምረጡ፦ አንዱ በአካባቢያችሁ ከቆየው ቡና፣ ሁለተኛው ምርምር ለአካባቢያችሁ ከመከረው፣ ሦስተኛው ጌሻ ወይም ሌላ ልትሞክሩት የወደዳችሁት። ከእያንዳንዱ 30፣ በድምሩ 90 ችግኝ ይሆናል። ይህም 360 ካሬ ሜትር ብቻ ይይዛል። ሦስቱን በየረድፋቸው ለዩ፤ በየረድፉ ራስ ላይ የማይጠፋ ምልክት አቁሙ፤ በሰበካ ጉባኤው መዝገብም ላይ አስፍሩት። ችግኝ ከደረቀ ከራሱ ዝርያ ብቻ ይተካ፤ ካልተገኘም ቦታው ባዶ ይቅር።

ሦስተኛ፣ ጥላውን ከቡናው አስቀድሙ። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር ያለበትን ቦታ ምረጡ። ዛፉ ሳይነካ በሥሩ ያለው ባዶ ቦታ ለሙከራው ይበቃል። ከመስከረም በኋላ የእያንዳንዱን ችግኝ ሥር በደረቅ ሣርና በቅጠል ጎዝጉዙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ ተለይቶ ይታወቅ። «ሁላችንም እናጠጣለን» የተባለ ችግኝ ማንም ሳያጠጣው ሲደርቅ አይተናል።

አራተኛ፣ ቀዩን ብቻ ልቀሙ። ፍሬው በአንድ ቀን ስለማይቀላ በየሳምንቱ እየተመለሱ መልቀም ያስፈልጋል። በመሬት ላይ አታስጡት፤ ከእንጨትና ከሽቦ ወይም ከቀርከሃ በተሠራ አልጋ ላይ በስሱ አድርቁት። የሦስቱን ዝርያ እሸት በሦስት አልጋ፣ ጀንፈሉንም በሦስት ጆንያ አስቀምጡ።

አምስተኛ፣ ሳትቀምሱ አታስፋፉ። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በፊት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ይለቀማል። 30 ዛፎች እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ እሸት ብቻ ቢሰጡ እንኳ 60 ኪሎ እሸት፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል ጥሬ ቡና ይገኛል። ይህ ለቅምሻ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ናሙናውን በቁጥር ብቻ ለይታችሁ፣ ስሙን ሳትነግሩ፣ ለቡና ቀማሽ ባለሙያ አቅርቡ። ምናልባት ከሦስቱ የሚበልጠው ከአያት ከቅድመ አያት በጓሯችሁ የነበረው ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ የምታስፋፉትን በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ ከዘር እስከ ቅምሻ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ችግኙ ለተከላ እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል፣ ከተከላ እስከ መጀመሪያው ፍሬ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይቆያልና። ጊዜው የረዘመ ለሚመስላችሁ፣ ጌሻ በፓናማ ምድር እስኪታወቅ የቆየው ዐርባ ዓመት መሆኑን እናስታውሳችኋለን።

ስለ ስሙ

አንድ ነገር ቀርቶናል። ምንጩ ያልታወቀ ቡና «ጌሻ» ብሎ መሸጥ ለጊዜው ገዢ ይስብ ይሆናል። ነገር ግን ስሙ የአንድ አገርና የአንድ ሕዝብ ስም ነው። የካፋ ሰዎች ጫካውን ጠብቀው ባያቆዩት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ዘር ባልኖረም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ባረፈበት ጆንያ ላይ የሚጻፈው ስም እንደ ሚዛን ነው፤ ሊጎድልም ሊጨመርበትም አይገባም። ዘሩ በእርግጥ ጌሻ ከሆነ እንኳ፣ «ጌሻ፣ በእገሌ አጥቢያ የበቀለ» ተብሎ ዝርያውም ቦታውም ይገለጽ። ካልተረጋገጠ ግን የአካባቢያችሁን ስም ጻፉበት። ዜጌ የራስዋን ቡና በራስዋ ስም ታውቆላታል። የእናንተም አጥቢያ እንዲሁ ሊታወቅ ይችላል።

እንግዲህ ለጻፋችሁልን አባቶች የምንመልሰው ይህ ነው። የቆርቆሮው ገንዘብ ለቆርቆሮው ይዋል። የአብነት ተማሪዎቹ በሚቀጥለው ክረምት በደረቅ ቤት ይማሩ። በስተ ምሥራቅ ያለው ጥድና ወይራ ይቁም። 90 ችግኞችን ከታወቀ ቦታ ለማግኘት እኛ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነን እናግዛችኋለን። ጉድጓዱን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ይቆፍሩ፤ ውኃ የሚያጠጡትን ሁለት ሰዎች ስም ግን ከመቆፈራችሁ በፊት ላኩልን። ፍሬው በደረሰ ጊዜ መጥተን በማሳው መካከል ከሒሳብ ሹማችሁ ጋር እንቆማለን። «የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁን፣ በዚህ ጊዜ ረድፉን በጣታችን ለማሳየት ተስፋ እናደርጋለን።

የእጆቻችንን ሥራ እግዚአብሔር ይባርክልን።